ኦ ሁለት፣ ላ ሁለት፣ ልጅ ዜሮ

ነቀምቴ ውስጥ የጋሩማን ያህል አንባቢ ያለው ጸሐፊ ገና አልተወለደም። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ድርሰቱ ብቻ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነበብ ግድግዳው ይመስክር፤ አንባቢዎቹ ፊታቸውን ወደ ጽሑፉ አዙረው፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በጥሞና አንብበው ነው የሚሄዱት። «ውሻ አለ» የሚለውን ደግሞ ውሻ በሌለበት ግቢ ሁሉ በር ላይ ጽፏል። ከሲሬ እስከ አርጆ በጸጉር ቤት በር ላይ መቀስ፣ በመኖ መደብር ላይ ዶሮ፣ በጥርስ ሐኪም ቤት ላይ ጥርስ ተስሎ ካዩ የጋሩማ እጅ ነው። ጥርሱ በቆሎ ስለሚመስል አንድ ገበሬ ወፍጮ ቤት መስሎት ጆንያውን ተሸክሞ ገባ ይባላል። ሐኪሙም እንዲሁ አልመለሰውም፤ አንድ መንጋጋ ነቅሎ ነው የሸኘው።

ጋሩማ ታፔላ ጸሐፊ ነው። በልጅነቱ የቀበሌ መፈክር በመጻፍ ጀመረ። መፈክሩ ተቀየረ፣ ቀበሌው ተቀየረ፣ ብሩሹ ግን ያው ነው። ችግር የገጠመው ቁቤ፣ የኦሮምኛው ላቲን ፊደል፣ ሲመጣ ነው። በግዕዝ ፊደል ላደገ ሰው አንዱ ፊደል ራሱን ችሎ የሚቆም ጨዋ ነበር፤ አሁን ግን ላቲኑ እንደ ሙሽራና ሚዜ ጥንድ ጥንድ እየሆነ መሄድ ጀመረ። አንዱ «አ» ከጎደለ ትርጉሙ ሌላ፣ አንዱ «ላ» ከተረፈ ሰው ይስቃል። ስለዚህ ጋሩማ እየጻፈ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቁጠር ለመደ። «ኦ ሁለት፣ ኢ ሁለት» እያለ የሥጋ ቤት ታፔላ ይጽፋል።

ችግሩ፣ ቆጠራው ባዶውን አይሄድም፤ ወሬ ይከተለዋል። «ኦ ሁለት፣ ኢ ሁለት፣ አጥንቱ ግን አምስት» ይላል ስለ ሥጋ ሻጩ። ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ፋርማሲው፣ ስለ መዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ያላጉረመረመው የለም። ክፋት የለበትም፤ አፉ ለእጁ እንደ ክር መወጠሪያ ሆኖ ስለሚያገለግለው ነው። ደግሞም ማን ይሰማዋል? የባጃጅ ጩኸት ብቻውን የአንድ አገር ምሥጢር ይሸፍናል።

እንዲህ ሲኖር ሲኖር ባነር ማተሚያዎች መጡ። ቀድሞ ሦስት ቀን ይፈጅበት የነበረውን ታፔላ ማሽኑ ባለቤቱ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ይተፋዋል፤ ያውም ከባለቤቱ ፎቶ ጋር፣ ያውም ባለቤቱን ለብሶት የማያውቀውን ሱፍ አልብሶ። ጋሩማ ባኬ ጃማ ሠፈር ካለው ቤቱ በረንዳ ላይ ብሩሹን በአኳራጅ እያጠበ የሚውል ሰው ሆነ። ብሩሽ ያለ ሥራ ሲታጠብ ደግሞ እንደ ጸሎት ነው፤ ይደጋገማል፣ መልሱ ይዘገያል።

ልጁ ኬኔ ማርኬቲንግ ተምራ ተመርቃ፣ ዲፕሎማዋን አስለብጣ ግድግዳ ላይ የሰቀለች ናት። አንድ ጠዋት አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አባኮ፣ ሰው አሁን ታፔላ አይገዛም» አለችው።

«እሱንማ እኔም ደርሼበታለሁ።»

«ሂደት ነው የሚገዛው። እንዴት እንደምትሠራ ማየት ይፈልጋል። ልቅረጽህና ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው።»

«ላብ ያጠመቀው ሽማግሌ ላሜራ ላይ ተለጥፎ ማየት የሚፈልገው የትኛው በሽተኛ ነው?»

«ሁሉም» አለች ኬኔ። ትክክል ነበረች።

የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች ላይ መዝሙር ጫነችባቸው። ጋሩማ ጠመኔ የተቀባውን ክር ወጥሮ ሲመታ፣ ብሩሹን በጣቱ ሲቆነጥጥ፣ ከበስተኋላ መዘምራን ያዜማሉ። ሰው ሲያየው የቀብር ማስታወቂያ እየመሰለው ያልፋል። ከዘመድ በስተቀር የተመለከተው አልነበረም፤ ከዘመድም ግማሹ አጽናኑኝ ያለ መስሎት ደወለ።

ያን ሰሞን ነው የሺአረግ የጠራችው። የሺአረግ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ወላጆቿ በረሃቡ ዘመን ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እሷ በጀርባ የታዘለች ሕፃን ነበረች። ጋሩማ ለዓመታት ምሳውን የበላው እሷ ቤት ነው፤ ጴንጤ ሆኖ የሁዳዴን ሽሮ እንደ እሱ የሚያከብር ሰው በወለጋ የለም። የሺ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። አልወለደችም። ይህን ከተማው አያውቅም፤ ወይም ያውቅና አይናገርም።

«አያ ጋሩማ፣ ታፔላዬ ዝጎ አለቀ፣ አዲስ ጻፍልኝ» አለችው፣ እንጀራው ላይ ወጥ እየጨመረችለት። ከዚያ ጎንበስ አለች። «ደሞ … ‹የሺአረግ እና ልጆቿ› በልልኝ።»

ጋሩማ ቀና ብሎ አያት።

«አትየኝ እንዲያ። ሾፌሩ አምሽቶ ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ሴትዮዋ ብቻዋን ናት ይላል። ታፔላው ላይ ልጆች ሲያይ ጓዳ ውስጥ ጎረምሳ ያለ ይመስለዋል። ላንተ ነው የነገርኩህ።»

«ማሎ፣ ምን ቸገረኝ፣ እጽፈዋለሁ» አላት። አጎራረሱ የተለመደው ነበር። ለእሱ ብቻ የተነገረ ነገር መሆኑን ግን ከሽሮው ጋር ዋጠው።

እንደ ደንቡ አፋን ኦሮሞው ከላይ፣ አማርኛው ከታች ነበር የሚጻፈው። ላሜራው ምግብ ቤቱ ጎን ተደግፎ፣ ኬኔ ስልኳን በሽቦ አስራ ተከለች። ጋሩማ ‹ልጆች› የሚለውን ኢጆሌ በቁቤ ሊጽፍ ሲደርስ፣ በምድር ላይ እንደዚህ ቃል ጥንድ የበዛበት የለምና፣ አፉ ሥራ ጀመረ።

«ኦ ሁለት … ላ ሁለት … ኤ ሁለት» አለ። ብሩሹን ነከረ። «ልጅ ዜሮ።» ትንሽ ቆየና የመጨረሻዋን ጫፍ እያሾለ፣ «ድመቷ እንኳ የጎረቤት ናት» ብሎ ጨረሰ።

ኬኔ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ሰምታው እስክትወድቅ ሳቀች። በማግስቱ አባቷን፣ «ትንሽ ታጉረመርማለህ፣ ደስ ይላል፣ መዝሙሩን ልተወው?» ስትለው ምን እንዳጉረመረመ እንኳ አልጠየቀም።

«ደስ ካለሽ ተይው» አለ።

ነገሩ በአንድ ቀን ከነቀምቴ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ከወለጋ፣ በሦስተኛው ከአፍሪካ ቀንድ ሳይወጣ አልቀረም። ከበሮ ጨመሩበት፤ ጭፈራ ጨመሩበት፤ አንድ ጎረምሳ ፍየል አስጨፍሮበታል። እኛ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ካፌ ውስጥ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ስናዞር ከማኪያቶው በስተቀር ያልሳቀ አልነበረም። ባጃጅ ነጂዎች መንገደኛ ሲጠሩ «ኦ ሁለት፣ ላ ሁለት» ማለት ጀመሩ፤ ተሳፋሪው «ልጅ ዜሮ» ብሎ ይገባል። በቪዲዮው ጥግ ላይ የምግብ ቤቱ በር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በሩ ላይ ድመቷ ተኝታለች።

የየሺ ቤት የሚገባው ሰው በዛ፤ ገብቶ ሻይ ያዛል፣ አንገቱን ወደ ጓዳ ያሰግጋል፣ «ልጆቹ የሉም?» ይላል፣ ጓደኛውን በክርኑ ይጎስማል። የሺ ሻዩን አቀረበች፣ ብርጭቆውን አነሳች። በአራተኛው ቀን ወንበር ላይ ወጥታ በአዲሱ ታፔላ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ አለበሰችበት፣ በገመድም አሰረችው።

ጋሩማ ያን ጆንያ ያየው ምሳ ሊበላ ሲሄድ ነው። መንገዱ መሐል ቆመ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋበት፣ ነጂው ሲለየው ጡሩንባውን ትቶ አጨበጨበለት። ጋሩማ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መናኸሪያውን ላለማለፍ በታችኛው ሠፈር ዞሮ፣ በረግረጉ ወጥቶ፣ በሰው ጓሮ አጥር ሾልኮ መሄድ ጀመረ። ቀድሞ ምሳው አጠገቡ ነበረ፤ አሁን ዳቦ ለመግዛት አገር ያቋርጣል። ጫማው ጭቃ፣ ሱሪው ጭጎጎት፣ ጆሮው ሁልጊዜ ቀይ።

«ደንበኛ መጣ አባኮ» አለችው ኬኔ። ፊቷ ግን እንደ ወትሮው አልበራም፤ ጆንያውን እሷም አይታዋለች። ቪዲዮውን አጥፍታው ነበር፤ የእሷ ሲጠፋ የሌላው ሺህ ሆኖ ይበቅላል።

ደንበኛው ግን እውነትም መጣ። ያሳፈረውም ይኸው ነው፤ የሺ ጆንያ ባለበሰች በሳምንቱ የጋሩማ በር ላይ ሰው ተሰለፈ። ሮብሳን የሚባል የሞተር ዕቃ ነጋዴ ቀደማቸው።

«ኦቦ ጋሩማ፣ ባነሩን አውርጄ መጣሁልህ። ስትጽፍ ግን ስለኔም አጉረምርም።»

«ምን ብዬ?»

«የፈለግከውን። ስስታም ነው በለኝ። ሚስቴም ብትሰማ ቅር አይላትም፣ ራሷ ነው የምትለው።»

«ዝም ብዬ እጽፍልሃለሁ።»

«ዝም ካልክማ ማሽኑም ዝም ይላል፣ ምን ለያችሁ?»

ጋሩማ ጻፈለት፤ ነገር ግን አፉ እንዳያመልጠው ሁለተኛ ብሩሽ በጥርሱ ነክሶ። ሮብሳን እየዞረ «በል እንጂ፣ ቀፎ ራስ በለኝ» ይለዋል፤ እሱ ብሩሹን ጠበቅ። «የሞተር ዕቃ፣ አዲስ» ነበር የሚለው። አዲስ ለማለት ሀራ የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ላይ ጥንድ «አ» ይፈልጋል። ሳይቆጥር የጻፈ እጅ ጥንዶቹን ነጠላ አደረጋቸው፣ ቃሉም ሐይቅ ሆነ። ታፔላው ተሰቀለ። በማግስቱ ከተማው በሙሉ ሮብሳን የጀልባ ዕቃ ማምጣቱን ሰማ። አንድ ሰው መረብ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ነቀምቴ ውስጥ ከዝናብ ውሃ ጉድጓድ በቀር ዓሣ የሚጠመድበት ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ሮብሳን ተደሰተ። ጋሩማ ግን ያን ማታ ብሩሾቹን ሳያጥብ ቆርቆሮው ውስጥ ጣላቸው። ቢያጉረመርም የየሺ ጆንያ ይታየዋል፤ ካላጉረመረመ እጁ የሱ አይደለም።

«እዚያ ቤት ሳልገባ ከእንግዲህ አንድ ፊደል አልጽፍም» አላት ኬኔን። «ብቻዬን ግን አልገባም። እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሽማግሌ ለመነ። አንዱ የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ኦቦ መገርሳ ናቸው፤ ሌላው ከየሺ ወላጆች ጋር በአንድ መኪና ከወሎ የመጡት ገበሬ አያ ሰማኸኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ገቡ። ኬኔ በር አጠገብ ስልኳን ጉያዋ ውስጥ ደብቃ ተቀመጠች። ጋሩማ ለየሺ የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ ነው የመጣው። ሊናገረው ግን ዕድል አላገኘም፤ ኦቦ መገርሳ ነገሩን ከዓለም መፈጠር ጀመሩት። የጥፋት ውኃው ላይ ሲደርሱ አያ ሰማኸኝ ተቀበሉና ከመርከቡ እንስሳቱን አንድ በአንድ አወረዱ። ሻዩ ሁለቴ ቀዘቀዘ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ኦቦ መገርሳ በመጨረሻ፣ «አጥፍቷል፣ አምኗል። ካሳውን አንቺ ተናገሪ።»

የሺ ብርጭቆ እየወለወለች ነበር። አስቀመጠችው።

«ካሳ አልፈልግም። ያጠፋብኝን ይተካልኝ።»

«ምን አጠፋብሽ?»

«ልጆቼን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ታፔላው ላይ ነበሩ» አለች የሺ። «ሲመሽ አንዱ ሾፌር ይቆጣል፣ ያነባቸዋል፣ ይቀመጣል። ሲወጡ ማንም አላያቸውም፤ ነበሩ ግን። አያ ጋሩማ በስልክ ገደላቸው።» ድምጿ አልተለወጠም። ጋሩማ የጫማውን ጭቃ እያየ ነበር።

«ታዲያ እንዴት ይተካ?» አሉ አያ ሰማኸኝ።

«እነ ኦቦ መገርሳ ዘንድ ጉዲፈቻ የሚሉት ነገር አለ አይደል? የሌላውን ልጅ እንደ ራስ አድርጎ መውሰድ?»

«አለ» አሉ ኦቦ መገርሳ። «ግን እሱ የሚሆነው ሕፃን ሲሆን ነው።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው የጋሩማ በራ ራስ ላይ አረፈ።

«ይኸው ጸጉርም አላወጣ» አለች የሺ።

አያ ሰማኸኝ ሻዩ ትን አላቸውና ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ኦቦ መገርሳ እንደ ሽማግሌነታቸው ሊኮሳተሩ ሞክረው፣ «ጥርሱስ?» አሉ።

«ከፊት አንድ ጎድሎታል። ያበቅላል። በገበያ ቀንና አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት እዚህ ሆኖ ሲጠሩት አቤት ይበል። ልጄ ነው እላለሁ።»

«ፍርድ ነው» አሉ አያ ሰማኸኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አልጨረስኩም» አለች የሺ፣ ወደ በሩ ዞር ብላ። «ልጆቿ ነው የሚለው ታፔላው። ኦ ሁለት፣ ላ ሁለት ብሎ ቆጥሮ የለ? ልጁም ሁለት ይሁና።»

ኬኔ ስልኳን ይበልጥ ወደ ጉያዋ አስገባች። «እሺ፣ እትዬ የሺ» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ። እንዲህ ሆኖ አባትና ልጅ በአንድ ከሰዓት እህትና ወንድም ሆኑ።

ሁሉም ሳቁ። ጋሩማ ብቻ አልሳቀም። የተለማመደው ዓረፍተ ነገር ሳይነገር ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉን ተናግረውለት ለእሱ አንዲት ቃል አልተረፈችውም። የሺ ወጥታ ጆንያውን ፈታች።

ቅጣቱ ቀላል የሚመስለው ያላየ ሰው ይኖራል። አስቡት፤ የልጅ አባት፣ የቤተ ክርስቲያን አባል፣ ግማሽ ወለጋን ጽፎ ያስነበበ ሰው፣ በዕድሜ ብዙ ከምታንሰው ሴት ጓዳ ሽርጥ አስሮ ሲወጣ። ካፌው ከእኛ ወንበር እስከ በሩ ድረስ ተጨናነቀ፤ ባለቤቱ ተጨማሪ በርጩማ ተከራየ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከአርጆ የመጣ አውቶቡስ ሰው አራገፈ፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ስልኩን አቅንቶ ገባ።

«ልጅ ዜሮ እዚህ ነው?» አለ ጮክ ብሎ።

የሺ ከምድጃው ሳትዞር፣ «ጋሩሜ» ብላ ተጣራች።

ከጓዳው ሰሃን ሲጋጭ ተሰማ።

«ጋሩሜ፣ እንግዳ መጥቷል።»

ጋሩማ ትሪ ይዞ ብቅ አለ። አንገቱ ድረስ ቀልቷል። ሰውዬውን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ወለሉን አየ።

«አቤት እማዬ» አለ።

ማንም ያልሳቀበት ምክንያት አልገባኝም። ምናልባት አባባሉ ነው፤ ሊቀልድ የፈለገ ሰው አባባል አልነበረም። ተሳፋሪው ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተና፣ «ናቸው እንዴ … ልጅዎ?» አለ የሺን።

«ትልቁ ነው» አለች። «ትንሽ ይለፈልፋል። እህቱ ሽንኩርት ትከትፋለች።»

ሰውዬው ሽሮ አዘዘ፣ አንገቱን ደፍቶ በላ፣ የሄደውም ተሰናብቶ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ዝናብ ታፔላውን መታው። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ጆንያ የለበሰ ታፔላ ስለነበር፣ የኢጆሌ መጨረሻ ጥንድ «ኤ»ዎች ከጆንያው ጋር ተልጠው አንዷ ጅራት ብቻ ቀርታ ነበር። የሺ መሰላል አምጥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ውጣ፣ አድሰው» አለችው። ራሷ መሰላሉን ያዘች። ኬኔ ከበሩ ሆና አየቻቸው፤ ስልኳ ጓዳ ሽንኩርቱ አጠገብ ነበር፣ አላመጣችውም።

ጋሩማ ብሩሹን ነከረ። በጥርሱ የሚነክሰው ሁለተኛ ብሩሽ አልያዘም። ዝም ብሎ ሊጽፍ ሞከረ፣ መስመሩ ጠመመበት።

«ቁጠር እንጂ» አለች ከታች። «ደግሞ ሐይቅ እንዳታደርገኝ።»

«ኦ ሁለት» አለ ጋሩማ። ጀርባውን ነው የምናየው። «ላ ሁለት። ኤ ሁለት።»

እዚያ ላይ ቆመ። ብሩሹ አየር ላይ፣ ቀለሙ ጫፉ ላይ እየተጠራቀመ። ያ ቦታ የሚፈልገው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፣ ፍየሉም ያውቀዋል።

«የሺ፣ ይቅር በይኝ» አለ ለላሜራው። «ለእኔ ብቻ ነበር የነገርሽኝ።»

የሺ ቀና ብላ አላየችውም። መሰላሉን የያዙት እጆቿ ትንሽ ጠበቅ አሉ። አንድ ባጃጅ መጣ፣ አለፈ።

«ቀለሙ እየተንጠባጠበብኝ ነው» አለች። «ጨርስና ውረድ፣ ያልታጠበ ሰሃን አለ።»